እንደራሴ፦ የማን ራስ?

የዛሬው ንግግራችን በአንዲት ቃል ላይ ነው። ቃሏ «እንደራሴ» ትባላለች። ጽሑፉን የያዛችሁ ሁሉ ጣታችሁን ከፊደሎቹ ሥር እያስኬዳችሁ አንብቧት፤ እ - ን - ደ - ራ - ሴ። አምስት ፊደል ናት። አሁን ደግሞ ለሁለት ክፈሏት። «እንደ» አንድ፤ «ራሴ» ሁለት። ሲገጣጠሙ «ልክ እንደ እኔ» ማለት ይሆናሉ።

እንግዲህ ልብ በሉ። እንደራሴ የሚባለው በሌላ ሰው ምትክ የቆመ ሰው ነው። ግን «ራሴ» የሚለው ማነው? የተላከው አይደለም፤ ላኪው ነው። ላኪው «ይህ ሰው የሠራው እኔ እንደሠራሁት ይቆጠር» ይላል። ቃሉ የላኪው ሆኖ ሳለ ስሙን የሚሸከመው ግን ተላኪው ነው። ታሪኩን የምንከተለው ይህን ጥያቄ ይዘን ነው፤ ራሴ ያለው የማን ራስ ነው?

አማርኛችን ለምትክ ሰው ስም አይቸግረውም። ልጅ ሞቶባቸው ሌላ የወለዱ ወላጆች ምትኩ፣ ምትኬ፣ ተካ ብለው ስም ያወጣሉ። በድሮ ጦርነት ደግሞ ሊቀ መኳስ የሚባል ሹም ነበር። ንጉሡን መስሎ፣ እንደ ንጉሡ ለብሶ ይሰለፋል። ጠላት ንጉሡን አገኘሁ ብሎ ሲተኩስ ጥይቱ ሊቀ መኳሱን ያገኘዋል። ከዚህ የከበደ ምትክነት ያለ አይመስለኝም።

የእንደራሴ የቅርብ ዘመድ ግን «ምስለኔ» የሚለው ቃል ነው። «ምስለ እኔ»፣ እኔን የሚመስል ማለት ነው። ዕድሜያቸው የገፋ የገጠር ሰዎች ቃሉን ያውቁታል። ገዥው እሱ በማይቀመጥበት ቦታ ምስለኔውን ያስቀምጣል። ምስለኔው ግብር ያስገባል፤ ሙግት ይሰማል። ገባሩ ገዥውን በዓይኑ ሳያየው ሊሞት ይችላል፤ ምስለኔውን ግን ደኅና አድርጎ ያውቀዋል። ታዲያ ምስለኔው የሚመስለው ማንን ነበር? የላከውን ነው እንጂ ገባሩን አልነበረም። ገባሩ አልሾመውም፤ ሊሽረውም አይችልም።

ወደ ቤተ መንግሥት እንሂድ። በ1901 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ በሕመም ደክመው ሳሉ የልጅ ልጃቸውን ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ አደረጉ። ልጅ ኢያሱ ገና ልጅ ስለ ነበሩ ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው ሞግዚትና እንደራሴ ሆኑ። ራስ ተሰማ በ1903 ዓ.ም. ሞቱ። በመስከረም 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ተሽረው ዘውዲቱ ምኒልክ ነገሡ፤ ራስ ተፈሪ መኰንን ደግሞ አልጋ ወራሽና እንደራሴ ሆኑ። ከ13 ዓመት በላይ በዚሁ ቆዩ፤ በመካከሉም በ1921 ዓ.ም. ንጉሥ ተባሉ። ንግሥት ዘውዲቱ በመጋቢት 1922 ዓ.ም. ሲያርፉ እንደራሴው ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ዙፋኑን ያዙ። ምትክ ሆኖ ብዙ የቆየ ሰው ባለቤት ሆኖ ሲገኝ አያስደንቅም።

ለአንዳንዱ ደግሞ እንደራሴነት ሹመት ሳይሆን ዕዳ ነበር። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. የጣልያን ጦር ወደ አዲስ አበባ ሲቃረብ ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ወጡ፤ ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ እንደራሴ ሆነው ቀሩ። ራስ እምሩ በጎሬ በኩል ሆነው የተረፈውን ጦር መሩ። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ተማረኩና ወደ ጣልያን ተወስደው ፖንዛ በምትባል ደሴት ታሰሩ።

እስካሁን ያየነው ሁሉ የንጉሥ እንደራሴ ነው። የሕዝብ እንደራሴስ መቼ መጣ? ለዚህ ወደ 1923 ዓ.ም. እንመለስ። በዚያ ዓመት የመጀመሪያው የጽሑፍ ሕገ መንግሥት ወጣ። ሁለት ምክር ቤቶችም ቆሙ፤ የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ። የሕግ መምሪያው ሰዎች የሕዝብ እንደራሴዎች መሆን ነበረባቸው። ነገር ግን ሕገ መንግሥቱ ምን አለ? ሕዝቡ ራሱ መምረጥ እስኪችል ድረስ መኳንንቱና ሹማምንቱ ይምረጡለት አለ።

«እስኪችል ድረስ» የምትለዋን ሁለት ጊዜ አንብቧት። መቻሉን የሚመዝነው ማነው? በስንት ዓመትስ? አልተጻፈም። አርሶ፣ ግብር ከፍሎ፣ በሽምግልና ስንቱን ጠብ ያበረደ ሰው «የሚመስልህን ሰው መምረጥ ገና አትችልም» ተባለ። መምህር ነኝና ይህን ሳነብ ሁልጊዜ ይከነክነኛል።

24 ዓመት አለፈ። በጥቅምት 1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ወጣ፤ በ1950 ዓ.ም. ሕዝቡ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደራሴዎቹን መረጠ። ዕድሜው 21 የሞላ ሰው ይመርጣል፤ ለ200,000 ሰው 2 እንደራሴ ይመደባል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ሕጉ ሌላም ነገር ይዟል። ለመመረጥ በአካባቢው ንብረት ያስፈልጋል። እንግዲህ አስቡት። ጭሰኛው ድምፅ ይሰጣል፤ ንብረት ከሌለው ግን እሱም ሆነ እንደ እሱ ያለው ጎረቤቱ ሊመረጥ አይችልም። «እንደ ራሴ» ብሎ የሚልከው፣ መሬቱን በእርቦ ወይም በሲሶ የሚያሳርሰውን ሰው ሊሆን ይችላል። ቃሉ የሕዝብ ሆነ፤ ራሱ ግን አሁንም የባለ ርስቱ ራስ ነበር።

ያ ምክር ቤት በመስከረም 1967 ዓ.ም. ተዘጋ፤ በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው የገጠር መሬት አዋጅም ጭሰኝነት ቀረ። ከ1980 እስከ 1983 ዓ.ም. ብሔራዊ ሸንጎ የሚባል ምክር ቤት ነበር። በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት ደግሞ «የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት» አለ። «ተወካይ» ውክልና የተሰጠው ማለት ነው። በአንቀጽ 12 ላይም ሕዝቡ በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ባጣ ጊዜ ከቦታው ሊያነሣው እንደሚችል ተጽፏል። ገባሩ በምስለኔው ላይ ያልነበረው ሥልጣን በወረቀት ላይ ሰፈረ ማለት ነው። ከወረቀት ወደ ሥራ ያለው መንገድ ግን ሌላ ነገር ነው።

ውክልና በፓርላማ ብቻ አይደለም፤ በየቤታችሁም አለ። ልጃችሁ ወይም ዘመዳችሁ በእናንተ ስም ገንዘብ እንዲያወጣ፣ ቤት እንዲያከራይ የምትሰጡት ወረቀት እሱን እንደራሴያችሁ ያደርገዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህን ጉዳይ በዝርዝር ይዟል። ጠቅላላ ውክልና የተሰጠው ሰው ንብረታችሁን ያስተዳድራል እንጂ ቤታችሁን ሊሸጥ አይችልም፤ ለዚያ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ስለዚህ «ልዩ» የምትለዋን ቃል በወረቀቱ ላይ ፈልጓት።

ይኸው ሕግ ማንበብ የማይችል ሰው ጣቱን ነክሮ ቢያትም፣ በአዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ በቀር አያስገድደውም ይላል። በአውራ ጣት ስንቱ መሬቱን እንዳጣ ሕጉን ያወጡት ሰዎች ያውቁ ነበር መሰለኝ። አሁን ስማችሁን ጽፋችሁ የምትፈርሙ ግን ያ ጥበቃ የላችሁም፤ የፈረማችሁት ይይዛችኋል። የሰጣችሁትን ውክልና በፈለጋችሁ ጊዜ መሻር ትችላላችሁ። ስትሽሩም ለተወካዩና ከእሱ ጋር ለሚዋዋሉት ሁሉ አስታውቁ፤ ወረቀቱንም ከእጁ ተቀበሉ።

ለመልመጃ «ውክልና»፣ «ወኪል»፣ «ተወካይ» የሚሉትን ሦስት ቃላት በደብተራችሁ ጻፉ። በሦስቱም ውስጥ የሚመላለሱትን ሆሄያት አስምሩባቸው። በሚቀጥለው ጊዜ «ዋስ» እና «ተያዥ» የሚሉትን እናነባለን። ደኅና ሰንብቱ።