የመጣጣም ታሪክ፤ የጆሮ ማዳመጫና ማጉያ

በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በክሪስታል ራዲዮ የሚያዳምጥ ሰው ባትሪም ማጉያም አልነበረውም። ከጆሮው የሚደርሰው ድምፅ ሁሉ አንቴናው ከሩቅ ጣቢያ ከቀሰመው እጅግ አነስተኛ ኃይል የሚገኝ ነበር። ስለሆነም ከዚያች ጥቂት ኃይል ቅንጣቷ እንኳ እንዳትባክን ማድረግ የዘመኑ ባለሙያዎች ዐቢይ ጭንቀት ሆነ።

መፍትሔው ከማዳመጫው ውስጥ ተገኘ። ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ በማግኔቱ ዙሪያ በብዙ ሺህ ዙር ተጠመጠመ። ይህም ማዳመጫው ለተለዋዋጭ የኤሌክትሪክ ፍሰት የሚያሳየውን ተቃውሞ፣ ይኸውም ኢምፔዳንሱን፣ ከፍ አደረገው። የክሪስታሉም ወገን ተቃውሞ ከፍተኛ ስለ ነበር፣ ሁለቱ በተቀራረቡ መጠን የሚተላለፈው ኃይል ይበዛል። እ.ኤ.አ. በ1910 ገደማ ናትናኤል ባልድዊን በዩታ በማዕድ ቤቱ የሠራቸውን ማዳመጫዎች የአሜሪካ ባሕር ኃይል የተቀበላቸው ደካማውን ጥሪ አጥርተው በማሰማታቸው ነበር። በ1920ዎቹ 2000 ኦም ያላቸው ማዳመጫዎች የተለመዱ ሆኑ።

ማጉያ ከተስፋፋ በኋላ ግን የመጣጣም ትርጉም ተለወጠ። ኃይል በመትረፍረፉ፣ የሚፈለገው እኩልነት መሆኑ ቀርቶ የማጉያው የራሱ ተቃውሞ ከማዳመጫው እጅግ ማነሱ ሆነ። ማጉያው 120 ኦም፣ ማዳመጫው 30 ኦም ቢሆኑ ለማዳመጫው የሚደርሰው ከቮልቱ አንድ አምስተኛው ብቻ ነው። ከዚህም በላይ የብዙ ማዳመጫዎች ኢምፔዳንስ ለወፍራምና ለቀጭን ድምፅ እኩል ስላልሆነ የዜማው ሚዛን ይዛባል። የማጉያው ተቃውሞ ከማዳመጫው አንድ ስምንተኛ አይብለጥ የሚለው የባለሙያዎች ልማድ ከዚህ የመነጨ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የሴንሃይዘር ኤችዲ 414 ማዳመጫ 2000 ኦም ነበረው። በ1979 የሶኒ ዎክማን ብቅ ሲል ግን የኃይሉ ምንጭ 3 ቮልት የሚሰጡ ሁለት ትናንሽ ባትሪዎች ነበሩ። አንድ ቮልት ለ2000 ኦም ግማሽ ሚሊዋት ብቻ ሲሰጥ፣ ለ32 ኦም 31 ሚሊዋት ያህል ይሰጣል። በኪስ ለሚያዙ መሣሪያዎች ዝቅተኛ ኢምፔዳንስ የተመረጠው ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ኢምፔዳንስ ብቻውን የጥራት መለኪያ አይደለም። ድምፁ ሲደክም ወይም ዜማው ሲዛባ፣ በሙዚቀኛውም ሆነ በማዳመጫው ላይ ከመፍረድ በፊት፣ ማዳመጫው ከየትኛው ማጉያ ጋር እንደ ተጣመረ መመርመር ይገባል።