ሆስፒታሉ የኩባንያው፣ እድሩ የሠራተኛው

ዛሬ ኩባንያዎች ትምህርት ቤት ሲያስመርቁ «ማኅበራዊ ኃላፊነታችንን ተወጣን» ይላሉ። ይህን በሰማሁ ቁጥር ወንጂ ነው ትዝ የሚለኝ።

ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ከኢንዶኔዥያ ፊቱን ወደኛ አዙሮ የወንጂን ስኳር ፋብሪካ ሥራ ያስጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነው። ቤት ሠራ፣ ሆስፒታል ከፈተ፣ ትምህርት ቤት አቋቋመ። እውነቱን ለመናገር በዚያ ዘመን ይህን ያደረገ አሠሪ ጥቂት ነው። ግን ቤቱ የኩባንያው ነው፤ ሥራውን ያጣ ቤቱንም ያጣል። ታዲያ ማን ደፍሮ ይናገር? የመንደሮቹ የጉድጓድ ውሃ ደግሞ ፍሎራይድ የበዛበት ነበር። የልጆችን ጥርስ አበለዘ፤ ለዓመታት የጠጡትን ሰዎች አጥንትም ጎዳ። ሆስፒታል ማግኘት አንድ ነገር ነው፤ ስለሚጠጡት ውሃ ኩባንያውን በጋራ መጠየቅ መቻል ሌላ።

ሠራተኛው መጀመሪያ የተሰባሰበው በእድር ነው። እድርን ማን ይከለክላል! የ1948ቱ ሕገ መንግሥት በማኅበር መደራጀትን በወረቀት ፈቅዶ ነበር፤ የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ግን እስከ 1954 ማብቂያ አልወጣም። በ1955 የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር (ኢሠአማ) ሲመሠረት የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት አበራ ገሙ ከወንጂ የመጡ ነበሩ።

እኔን የሚገርመኝ ቀጥሎ የመጣው ነው። ደርግ በ1967 ፋብሪካውን ወረሰ፤ መንግሥት ራሱ አሠሪ ሆነ። በዓመቱ ኢሠአማን ዘጋው፤ በምትኩ የመጣው መኢሠማ በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ነበር። ሆስፒታሉን ግን አልዘጋውም።