ባቡሩ የማይቆምባቸው ጣቢያዎች

አንድን አገር ለማወቅ የሚሻ እንግዳ ከቤተ መንግሥቱ ይልቅ ከሕዝብ ማመላለሻው ቢጀምር ይሻለዋል እላለሁ። በርሊን በሄድሁ ጊዜ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ስገባ ያገደኝ በር አልነበረም። ትኬት ገዛሁ፤ ጠያቂ ሳይኖር ተሳፈርሁ። ትኬቱን መድረኩ ላይ ባለችው ትንሽ ሳጥን ማስመታት እንደሚገባኝ ግን አላወቅሁም ነበርና፣ ተራ ልብስ የለበሰ ተቆጣጣሪ ድንገት ብድግ ብሎ ቀጣኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ይህች ከተማ አስቀድማ ታምናለች፤ የምትቆጣጠረው ከዚያ በኋላ ነው።

ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረችም። ስምንተኛው መስመር (ኡ 8) የሚነሣውም የሚያበቃውም በቀድሞዋ ምዕራብ በርሊን ቢሆንም መካከሉ በምሥራቁ ክፍል ሥር ያልፋል። ምሥራቅ ጀርመን ነሐሴ 13 ቀን 1961 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ወሰኑን ስትዘጋ፣ ከምድር በላይ ያለውን በሽቦና በግንብ ከፈለችው። ከምድር በታች ያለው ሐዲድ ግን አልተቆረጠም። የምዕራቡ ባቡሮች ሳይቆሙ እንዲያልፉ ተፈቀደ፤ ምዕራቡም ለዚህ ክፍያ ይከፍል ነበር። በዚህ መስመር ብቻ፣ አሌክሳንደርፕላትስን ጨምሮ ስድስት ጣቢያዎች ተዘጉ። በርሊኖች «የመናፍስት ጣቢያዎች» አሏቸው። በምዕራቡ ካርታ ላይ ባቡር የማይቆምባቸው ተብለው ሲመለከቱ፣ በምሥራቁ ካርታ ላይ ግን መስመሩ ራሱ አልነበረም። ዜጋው ከእግሩ ሥር የባቡሩን ድምፅ እየሰማ፣ ካርታው ባቡር የለም ይለው ነበር።

ይህን ታሪክ የሚያሳይ ዐውደ ርእይ ኖርድባንሆፍ በተባለው ጣቢያ አለ። እዚያ ከሁሉ ይልቅ ያስገረመኝ የጠባቂዎቹ ነገር ነው። በደብዛዛው መብራት ሥር መድረኩን የሚጠብቁት ወታደሮች ራሳቸው እንዳይኮበልሉ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይመደቡ፣ አንዱ ሌላውን ይጠብቅ ነበር። ሕዝቡን ያላመነ መንግሥት ጠመንጃ ያስያዘውንም አላመነም።

ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የምሥራቅ ጀርመኑ መሪ ኤሪክ ሆኔከር በ1979 አዲስ አበባ ድረስ የመጡት የደርግ ወዳጅ ሆነው ነው። በዚያ ዘመን ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር ለመሄድ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ማውጣት የግድ እንደ ነበር የሚያስታውስ ብዙ ነው። በገዛ አገሩ አውቶቡስ ለመሳፈር ምክንያቱን ያስረዳ ትውልድ፣ የበርሊንን ዝግ ጣቢያ ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል።

ግንቡ ኅዳር 9 ቀን 1989 ተከፈተ። ከሁለት ቀን በኋላ በዚሁ መስመር ላይ ያለው የያኖቪትስብሩከ ጣቢያ ሥራ ጀመረ፤ የቀሩት የኡ 8 ጣቢያዎችም በቀጣዩ ዓመት አጋማሽ ተከፍተው አበቁ። ሃያ ስምንት ዓመት ተዘግቶ የኖረ ጣቢያ በሁለት ቀን ሊከፈት የቻለው ባቡሩ ማለፉን፣ ሐዲዱም መጠገኑን ስላላቋረጠ ነው። ተጣልተው ሳለ ሐዲዱን ያልቆረጡ ሰዎች፣ ሲታረቁ የቀራቸው በሩን መክፈት ብቻ ነበር። እኛስ፣ በተጣላን ቁጥር መጀመሪያ የምንዘጋው መንገዱን አይደለምን?

የዚያን ዕለት ቅጣቴን ከፍዬ ጉዞዬን ቀጠልሁ። ትኬቴንም አስመታሁ። ባቡሩ በስድስቱም ጣቢያዎች ቆመ።