ከእንዶድ እስከ መኾናት ክቪሳ

ልጆቼ፣ የልጅ ልጆቼ፣ ይህን የምጽፈው ስለ ልብስ አጠባ ነው። «አባባ፣ ይሄ ደግሞ ታሪክ ነው እንዴ?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ከሽማግሌ የሚጠበቀው ስለ መንገዱ፣ ስለ ሱዳን፣ ስለ አውሮፕላኑ እንዲጽፍ ነው። እሱን ሌሎች ጽፈውታል፤ ገናም ይጽፉታል። ስለ ውሃውና ስለ ልብሱ ግን ማንም ካልጻፈ አንድ ነገር ተጣሞ እንዳይቀር እፈራለሁ። «ሳፍታ እዚህ አገር ስትመጣ ማሽን አታውቅም ነበር፤ ልብስ በአምባቲያ ውስጥ በእጇ ታጥብ ነበር» እያላችሁ ስትስቁ እሰማለሁ። በእጇ ማጠቧ እውነት ነው። ምክንያቱ ግን እናንተ እንደምትሉት አይደለም።

ቤተ እስራኤል መንደር ሲቆረቁር መጀመሪያ የሚያየው ውሃ ነው። እኔ የተወለድኩበት መንደር ከጎንደር ከተማ በእግር የግማሽ ቀን መንገድ ሲሆን፣ ከሥሩ ወደ መገጭ ወንዝ የሚወርድ ጅረት ነበረ። ጅረቱ ሕግ ነበረው። ከላይ የሚጠጣ ይቀዳል፤ ዝቅ ብሎ ከብት ይጠጣል፤ ከዚያም ዝቅ ብሎ ልብስ ይታጠባል። ከሁሉ በታች ደግሞ ከመርገም ጎጆ የምትወጣ ሴት ገላዋንና ልብሷን የምታጥብበት ነው። ይህን በጽሑፍ ያስቀመጠው የለም፤ ሕፃን ሁሉ ግን ያውቀዋል። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን «ውሃ ውሃ ይሸታሉ» ይሉን ነበር። ለስድብ ነበር የሚሉት፤ ስድብነቱ ግን ለእኛ ብዙም አይታየንም ነበር።

ይህ ሁሉ የመጣው ከኦሪት ነው። በሲና ተራራ ሕጉን ከመቀበላቸው በፊት አባቶቻችን ከታዘዙት ነገር አንዱ ልብሳቸውን ማጠብ ነው። ኦሪት ዘሌዋውያንን ብታነቡ ደግሞ የነካ፣ የተቀመጠ፣ የተሸከመ ሁሉ ልብሱን ይጠብ፣ ገላውን ይታጠብ፣ እስከ ማታም ርኩስ ይሁን የሚል ትእዛዝ ደጋግሞ ታገኛላችሁ። ፈሳሽ ላለበት ሰው ውሃው የሚፈስ፣ ሕያው ውሃ መሆን አለበት ይላል። አባቶቻችን ይህን እንደ ምሳሌ አልተረጎሙትም፤ እንዳለ ነው የጠበቁት። ስለዚህ በእኛ ዘንድ አጠባ እድፍ ማስለቀቅ ብቻ ሳይሆን ሕግ መፈጸም ነበር።

እኔ ፊደል የቆጠርኩትና ኦሪትን በግዕዝ የተማርኩት ከአንድ ቄስ ዘንድ ተቀምጬ ነው። ተማሪ እንጨት ይለቅማል፣ ውሃ ይቀዳል፣ የመምህሩን ልብስ ያጥባል። አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ሴት ልጆቼ ሲሰሙት ይስቃሉ። በእኛ አገር ትልቁን ሸማና ጋቢውን የሚያጥበው በብዛት ወንድ ነበር። ሴት ውሃ በእንስራ ትሸከማለች፣ ትፈጫለች፣ ጥጥ ትፈትላለች፤ የፈተለችውን ወንዱ ይሸምነዋል። የሸመነውንም ወንዝ ወስዶ የሚረግጠው እሱ ነው። እዚህ አገር መጥቶ «ልብስ ማጠብ የሴት ሥራ ነው» የሚል የእኛ ሰው ካጋጠማችሁ፣ አያቱን ሄዶ ይጠይቅ በሉት።

ሳሙናችን እንዶድ ነበር። ፍሬው ገና አረንጓዴ ሳለ ይለቀምና ፀሐይ ላይ ይደርቃል፤ በሙቀጫ ይወቀጣል። ዱቄቱ በውሃ ሲበጠበጥ አረፋው ይነሳል። ሸማውን እዚያ ውስጥ ትዘፈዝፉታላችሁ። ከዚያ ዝርግ ድንጋይ ላይ ታደርጉና በሁለት እግር መርገጥ ነው፤ ውሃ እያፈሰሱ፣ እያገላበጡ፣ አሁንም መርገጥ። ሁለት ሆናችሁ ከሁለት ጫፍ ይዛችሁ ትጠመዝዙትና ሣር ላይ ታሰጡታላችሁ። መምህሬ እንዶድ አብዝቼ ስበጠብጥ ሲያዩ «አረፋው አያጥብም፤ የሚያጥበው እግርህ ነው» ይሉኝ ነበር። ይህችን ቃል ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ ላይ ትጠቅማችኋለች።

እንዶዱን የአገር ቤት መድኃኒት ብቻ አድርጋችሁ አትናቁት። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ የሚባል ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት አድዋ ላይ የቢልሃርዚያን በሽታ ሲያጠና፣ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። የቢልሃርዚያ ትል ወደ ሰው ከመግባቱ በፊት የሚያድገው በውሃ ቀንድ አውጣ ውስጥ ነው። እንዶዱ ልብሱን ሲያጸዳ ቀንድ አውጣውን ይገድላል ማለት ነው። በዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በስዊድን አገር የሚሰጠውን ራይት ላይቭሊሁድ የተባለ ሽልማት ተቀበለ። አያቶቻችሁ በእጃቸው የያዙት ነገር የዓለም ሳይንቲስት የተመራመረበት ነገር ነበር።

የሳምንቱ ትልቁ የአጠባ ቀን አርብ ነበር። ሰንበት ሳትገባ ልብስ ይታጠባል፣ ዳቦው ይጋገራል፣ ወጡ ይሠራል፤ ገላን ታጥቦ ነጭ ተለብሶ እሳቱ ይጠፋል። በሰንበት ቀን ወንዝ ወርዶ ልብስ የሚያጥብ ሰው አይታሰብም። የመርገም ጎጆ ያለች ሴት ደግሞ ልብሷና ዕቃዋ ለብቻ ነው። ሰባት ቀኗን ስትጨርስ ወንዝ ወርዳ ገላዋንና ልብሷን ታጥባ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ወደ ቤቷ ትገባለች። ወንድ የወለደች 40 ቀን፣ ሴት የወለደች 80 ቀን ትቆያለች። በእነዚህ ቀኖች የእሷ ልብስ ከሌላው ልብስ ጋር በአንድ ውሃ ገብቶ አያውቅም።

እንግዲህ እንዲህ ሆነን ነው የመጣነው። በሱዳን በኩል የመጡት በሰፈሩ ለመጠጥ እንኳ ውሃ እየቸገራቸው ይህ ሥርዓት እንዴት እንደፈረሰባቸው ሲያወሩ እያለቀሱ ነው። እኔ በዘመቻ ሰሎሞን ከመጡት ነኝ። ዘመቻው እ.ኤ.አ. ግንቦት 24 እና 25 ቀን 1991 ነበር፤ በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983። በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ተጓዘ። ቀኑ አርብ ነበር፤ ጉዞው በሰንበትም ቀጠለ፤ ነፍስ ማዳን ሰንበትን ያሽራልና። ልብስ የምናጥብበት ቀን በላያችን ባለው ልብስ ወጣን።

በደረስንበት መርከዝ ክሊታ ምድር ቤት ውስጥ አንድ ክፍል ነበረ፤ ሦስት መኾናት ክቪሳ ተደርድረውበታል። ስንትና ስንት ቤተሰብ በነሱ እንዲጠቀም ነው። አንድ ሠራተኛ ሰብስቦ አሳየን። ልብስ እዚህ፣ ሳሙና እዚህ፣ ይህን ተጫኑ። አስቸጋሪ ነገር የለበትም፤ ያየ ሁሉ ገብቶታል። በሳምንቱ ግን ትልልቆቹ ሴቶች ወደዚያ ክፍል መውረድ ተዉ። በአምባቲያ ማጠብ ጀመሩ፤ ውሃው ወደ ኮሪደር እየፈሰሰ ጠብ ሆነ። ሠራተኛው መጥቶ ጠየቀ። አንዲት እማማ መለሱ፦ «በዚያ ከበሮ ውስጥ ትናንት የማን ልብስ እንደገባ በምን አውቃለሁ? በመርገም ላይ ያለችዋም፣ አራሷም፣ ቄሱም በአንድ ውሃ? ውሃውስ ቢሆን የታጎረ እንጂ የሚፈስ ነው ወይ?»

የሚያስተረጉመው የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር። ዕብራይስጥ የተማረው ጥቂት ወር ነው። «መርገም» የሚለውን ቃል በዕብራይስጥ አያውቀውም፤ ቢያውቀውም በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሊለው ያፍራል። «አይፈልጉም» ብሎ ተረጎመ። ሠራተኛው ደግሞ «አይችሉም» ብሎ ያዘው። ከዚያ በኋላ አንዲት ሴት መጥታ ማሽን አነዳድ እንደገና ታስተምረን ጀመር፤ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ እንደ ሕፃን። እናቶቻችን ዝም ብለው ሰሟት። ልጁን አልወቅሰውም፤ ዛሬ የልጆች አባት ነው። የሸከምነው ነገር ለትከሻው ይከብድ ነበር። ግን «አይችሉም» የምትለዋ ቃል ከዚያ ክፍል ወጥታ እስከ እናንተ ደረሰች፤ እናንተም እየሳቃችሁ ትደግሟታላችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1996 መጀመሪያ የለገስነው ደም በድብቅ ይጣል እንደነበር ሲሰማ በሺዎች ሆነን ኢየሩሳሌም ወጣን። ያን ቀን ሽማግሌዎቹን ያንገበገባቸው ይህ ነው። ከውሃ ያልተለየ ሕዝብ፣ ጎረቤት «ውሃ ውሃ ይሸታሉ» ያለው ሕዝብ፣ በገዛ ወገኑ አገር ንጹሕ አይደለም ተባለ።

በመርከዝ ክሊታው ነገሩን የፈቱት ሴቶቹ ራሳቸው ናቸው። ከአንድ ሽማግሌ ቄስ ጋር ተማከሩ። እሳቸውም የገላው ጥምቀት በሕጉ እንደሚቆይ፣ የልብሱን ነገር ግን ተስማምተው ሥርዓት እንዲያበጁለት ነገሯቸው። ከሦስቱ ማሽኖች አንዱ በመርገም ላይ ላሉትና ለአራሶች ተለየ፤ ቀይ ክር እጀታው ላይ ታሰረበት። አርብ እስከ ቀትር የሰንበት ነጭ ልብስ ብቻ ሆነ። ከዚያ ወዲያ ኮሪደር ላይ ውሃ አልፈሰሰም። ሠራተኛው «በመጨረሻ ተማሩ» አለ። ክሩ ለምን እንደታሰረ ማንም አልጠየቀም።

ማሽኑን ግን አልረግመውም። በኤሌክትሪክ የሚዞረው ማሽን አሜሪካ ገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1900ዎቹ መጀመሪያ ነው። እኔ ድንጋይ ላይ ስረግጥ ማሽኑ ገበያ ከወጣ 50 ዓመት አልፎት ነበር። የወንዙ ውሃ በጥር እግር ያደነዝዛል፤ የሴቶቹ እጅ ይሰነጠቃል። ባለቤቴ እዚህ አገር ኡልፓን የተማረችው፣ ሥራም የገባችው ማሽኑ በሰጣት ሰዓት ነው። የቀረብን ሌላ ነገር ነው። ወንዝ ዳር የመንደር ወሬ ይወራል፣ የተጣላ ይታረቃል፣ ሙሽራ ትታጫለች። ማሽን ለየብቻ በየቤቱ ተዘግቶ ነው የሚያጥበው።

አሁን በእኛ ቤት ልብስ የማጥበው እኔ ነኝ፤ የተማሪ ሥራዬ ተመልሶልኛል። እንግዲህ የማውቀውን ልንገራችሁ። ማሽኑ የሚያደርገው እግር ያደርግ የነበረውን ነው። ከበሮው ልብሱን ወደ ላይ ያነሳል፣ ይጥለዋል፤ በመውደቁ ነው የሚጸዳው። ስለዚህ እስከ አፉ አትጠቅጥቁት፤ መውደቂያ ካጣ አይታጠብም። ከላይ የአንድ መዳፍ ቦታ ይቅር። ሳሙናም አታብዙ። አረፋ ሲበዛ ልብሱ አረፋው ላይ ይተኛል፤ መተሻሸቱ ይቀራል፤ ትርፉም ልብሱና ቱቦው ላይ ይደርቃል። መምህሬ ያሉት ይህንኑ ነው።

የዚህ አገር ውሃ በብዙ ቦታ ኖራ አለበት። አሽቀሎን ላይ እ.ኤ.አ. በ2005 የባሕር ውሃ ማጣራት ከተጀመረ ወዲህ በየቦታው ለስለስ ያለ ውሃም ይመጣል፤ ግን ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ ነጭ ድንጋይ ካያችሁ ማሽኑም ውስጥ አለ። አቭኒት የሚሉት እሱ ነው፤ ማሞቂያው ብረት ላይ ይጋገራል። ሑምጻት ሊሞን ከሱፐር ገዝታችሁ 100 ግራም ያህል ባዶ ከበሮ ውስጥ ጨምሩና በ60 ዲግሪ ያለ ልብስ አዙሩት፤ በሦስት በአራት ወር አንድ ጊዜ ይበቃል። ከበረኪና ጋር በፍጹም አትቀላቅሉት፤ መርዛም ጢስ ያወጣል። ከታች ያለችውን የማጣሪያ ክዳን ውሃው ከወጣ በኋላ ከፍታችሁ ሳንቲሙንና ክሩን አውጡ። የበሩን ላስቲክ አድርቁ፤ በሩንም ገርበብ አድርጋችሁ ተዉት፤ ካልሆነ ይሻግታል። አርብ ደግሞ ሰዓቱን አስሉ። አንዳንዱ ፕሮግራም ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ በታኅሣሥ ኢየሩሳሌም ሰንበት በእናንተ አቆጣጠር 4 ሰዓት ግድም ትገባለች። ማሽኑ ሰንበት ውስጥ እንዳይገባ ከቀትር በፊት ጀምሩ።

የአያቶቻችሁን ነጠላና የሐበሻ ቀሚስ ከጂንስ ጋር አትክተቱት። ጥለቱ እንዳይለቅ በቀዝቃዛ ውሃ፣ ዘርፉ እንዳይተበተብ በመረብ ከረጢት፣ ለስላሳ ልብስ በሚታጠብበት ፕሮግራም፣ ስሒታውን ቀንሳችሁ። በረኪና አታስጠጉበት። ጋቢ አራት ድርብ ነው፤ ውሃ ሲጠጣ ይከብድና ማሽኑን ያንገጫግጨዋል። ለብቻው እጠቡት፤ በረንዳ ላይ ጥላ ውስጥ ዘርግታችሁ አድርቁት።

ሳፍታችሁ ዛሬም የራሷን ነጠላ ለይታ በእጇ ስታጥብ ብታገኟት፣ ከእጇ ነጥቃችሁ ማሽን ውስጥ አትክተቱባት። በየትኛው ወንዝ ታጥብ እንደነበር ጠይቋት። የወንዙን ስም ትነግራችኋለች፤ ስሙንም ጻፉት፤ እኛ ስናልፍ የሚያውቀው አይኖርምና። ሰንበት ሰላም።