በሁለት ሥዕሎች መካከል

የንግሥተ ሳባን ታሪክ በሸራ ላይ የሚሥሉ የአገራችን ሠዓሊዎች ረጅሙን ትረካ ብዙውን ጊዜ በ44 ክፍሎች ይመድቡታል። በአንዱ ክፍልና በሚከተለው መካከል ያለፈውን ቀንና ሌሊት የሚሞላው ተመልካቹ ራሱ ነው። ሠዓሊው ታሪኩ የሚታጠፍበትን ቦታ ይመርጣል፤ የቀረውን ለሕዝቡ ትዝታ ይተወዋል።

አኒሜሽን የሚባለው የተንቀሳቃሽ ሥዕል ጥበብም በዚሁ ምርጫ ላይ የቆመ ነው። የፊልም አንድ ሴኮንድ 24 ምስሎችን ስለሚጠይቅ ለ10 ሴኮንድ እንቅስቃሴ 240 ምስሎች ያስፈልጋሉ። በታላላቆቹ የፊልም ማዘጋጃዎች ዋናው ሠዓሊ የእንቅስቃሴውን መነሻና መድረሻ የሚያሳዩትን ቁልፍ ሥዕሎች ሲሥል፣ በመካከል ያሉትን እጅግ ብዙ ምስሎች ረዳቶቹ እየደከሙ ይሞሉ ነበር።

ይህን ድካም ለኮምፒዩተር ለማስረከብ ከጣሩት ግንባር ቀደሞች መካከል በካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ይሠሩ የነበሩት ኔስተር በርትኒክና ማርሴሊ ዌይን ይገኛሉ። በእነርሱ መሣሪያ ፒተር ፎልደስ ያዘጋጀው «ረሃብ» የተሰኘው አጭር ፊልም በ1966 ዓ.ም. በካን የፊልም በዓል ተሸለመ። በፊልሙ ውስጥ በልቶ የማይጠግበው ሰው በመጨረሻ በተራቡት ይበላል። ፊልሙ ስለ ኢትዮጵያ የተሠራ አልነበረም፤ ሆኖም ያ ዘመን የወሎ ገበሬ በረሃብ ያለቀበት፣ የረሃቡም መደበቅ የዘውዱን ሥርዓት ያናጋበት ዘመን ነበር።

ዛሬ የሕንፃ ንድፍ በሚወጣባቸው የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች ነዳፊው በጊዜ መስመር ላይ ሁለት ቁልፍ ሥዕሎችን ያኖራል፤ በመጀመሪያው ባዶ መሬት፣ በመጨረሻው የመስተዋት ፎቅ ይታያል። መካከሉን ማሽኑ አስልቶ ይሞላዋል። ሕንፃው ያለ አቧራና ያለ ወዛደር በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ይነሣል።

የቦሌ ታሪክ ግን እንዲህ አልተሞላም። የልደታው ሜዳ ለጄት አውሮፕላን የማይበቃ በመሆኑ ማረፊያው በ1950ዎቹ ዓ.ም. ከከተማው ዳር ወደነበረው ወደ ቦሌ ተዛወረ። በ1955 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ ጄቶች አገልግሎት ጀመሩ። ከተማው መንገዱን ተከትሎ ወደ ምሥራቅ ገፋ። በ1990ዎቹ በገርጂ የኮንዶሚኒየም የሙከራ ቤቶች ተሠሩ፤ ቆየት ብሎም ሰሚትና አያት በብሎኮች ተሞሉ። ከእርሻው እስከ ፎቁ ባለው ዘመን ውስጥ ማሳውን የለቀቀው ገበሬ፣ ድንጋይና ሲሚንቶ የተሸከመችው የቀን ሠራተኛ፣ የቤት ዕጣ እስኪወጣለት ዓመታት የጠበቀው ቤተሰብ ይገኛሉ።

ማሽኑ በሁለት ነጥቦች መካከል ያለውን ርቀት ያሰላል፤ በዚያ ርቀት ላይ የተከፈለውን ዋጋ አያውቅም። ይሁን እንጂ መሣሪያው ሦስተኛና አራተኛ ቁልፍ ሥዕል እንዲጨመርበት አይከለክልም። ጤፉን ሲያጭድ የነበረው ገበሬ በዚያ መስመር ላይ ይቁም ወይስ ይታለፍ የሚለውን የሚወስነው መሣሪያውን የያዘው የጥበብ ሰው ነው።