ጎታ፣ ጎተራና ነቀዝ

የሰው ልጅ ምድርን አርሶ መብላት ከጀመረበት ዘመን አንሥቶ ትግሉ በአጨዳና በውቂያ አላበቃም፤ ያመረተውን እስከ መጪው መኸር ማቆየት ሁለተኛው ትግል ሆኖ ኖሯል። የአገራችን ገበሬ በዚህ ትግል ያፈራው ጥበብ ግን እንደ ሥዕሉና እንደ ዜማው ተገቢውን ትኩረት አላገኘም።

በ2015 ዓ.ም. ከሰበታና ከሱሉልታ ጋር በሸገር ከተማ የተጠቃለለችው ቡራዩ ከተማነት ሳይውጣት የገበሬ አገር ነበረች። በኢትዮጵያ ደጋ ገበሬ ግቢ፣ በእንጨት ተሠርቶ በጭቃ የሚመረገው ጎተራ ከመሬት ከፍ ብሎ ይቆማል። በጓዳ የሚኖረውን ጎታ ደግሞ ሴቶች ጭቃ፣ ጭድና እበት አቡክተው በእጃቸው ያበጁታል።

ጠላቱ ስውር ነው። እንስቷ ነቀዝ ፍሬውን ቦርቡራ እንቁላሏን ከጣለች በኋላ ቀዳዳውን በሚያጣብቅ ፈሳሽ ትደፍነዋለች። እጩም ውስጥ ውስጡን እየበላ ያድጋል። በሞቃት አገር አንድ ትውልድ በአምስት ሳምንት ገደማ ይደርሳል፤ በደጋ ብርድ ግን ይዘገያል። ጤፍ ከደቃቅነቱ የተነሣ ለነቀዝ መራቢያ አይመችም። ገበሬው ይህን ተገንዝቦ ጤፍን ከሌላ እህል ጋር ቀላቅሎ ያስቀምጣል፤ ደቃቁ ፍሬ ተባዩ የሚላወስበትን ክፍተት ይሞላልና። አመድም ይህንኑ ከማድረጉ በላይ የነፍሳቱን ገላ ፈግፍጎ ያደርቃል።

የሐረርጌ ገበሬ ማሽላውን በጉድጓድ ይከዝናል። አፉ በሚገባ ሲደፈን እህሉና ተባዩ ራሳቸው ተንፍሰው ኦክስጅኑን ይጨርሱታል፤ ነቀዙም ይታፈናል። እርጥበት ከገባ ግን እህሉ ይሻግታል።

ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በፊት ጭሰኛው ከነቀዝ ጋር የሚካፈለው ለባለመሬቱ ከሰፈረ በኋላ የተረፈውን ነበር። አዋጁ ባለመሬቱን አስወገደ፤ ነቀዙ ግን ቀረ። ነቀዝን ፈርቶ በመኸር ወቅት በርካሽ የሸጠ ገበሬ በክረምት በውድ ይገዛል። ስለዚህ የጎታው ጉዳይ የነፃነቱም ጉዳይ ነው።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1980ዎቹ በካሜሩን ለአተር መሰል ጥራጥሬ ማቆያ የተፈለሰፈውና በኋላ ወደ አገራችንም የገባው ባለሦስት ድርብ ከረጢት የሚሠራው በዚያው በታፈነ አየር ሕግ ነው። እንግዲህ መምህሩና የኪነ ጥበብ ባለሙያው የእናቶችን የጎታ አሠራር በቃልም በሥዕልም መዝግበው ሊያቆዩ ይገባል። የከተማው ግንብ ጓዳዎቹን ሲተካ፣ ጎታው ብቻ ሳይሆን የተሠራበትም ዕውቀት አብሮ ይፈርሳልና።