የጥርስ ሐኪም እጅና የሩቅ ትምህርት

የጥርስ ሕክምና ለብዙ ዘመን ይለመድ የነበረው በአንድ ባለሙያ ሥር ሆኖ የእጁን ሥራ በመመልከት ነበር። በዚህ መንገድ የሠለጠነ ሰው ጥርስ መንቀልና መሙላት ቢችልም፣ የበሽታውን መነሻ የሚረዳበት ዕድል ጠባብ ነበር። ይህን ጉድለት ለማረም ሆራስ ሄይደንና ቻፒን ሃሪስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1840 ዓ.ም. በአሜሪካ የባልቲሞርን የጥርስ ሕክምና ኮሌጅ አቋቋሙ። በዓለም የመጀመሪያ የሆነው ይህ ኮሌጅ በ5 ተማሪዎች ሥራ ጀምሮ በተከታዩ ዓመት 2ቱን አስመረቀ። የመሥራቾቹ ዓላማ የእጅን ሙያ ከሳይንስ ትምህርት ጋር ማዋሐድ ነበር። በ1894 ዓ.ም. ደግሞ ኦስዋልድ ፈርጉስ በግላስጎው የመለማመጃውን ሰው ሠራሽ ራስ አስተዋወቀ፤ የተማሪውም እጅ ወደ ሕመምተኛ አፍ ከመግባቱ በፊት የሚሠለጥንበት መሣሪያ ተገኘ።

ከ180 ዓመታት በኋላ፣ በ2020 ዓ.ም.፣ የኮቪድ ወረርሽኝ ይህን ውሕደት ለያየው። ከመሰርሰሪያው የሚረጨው ውሃ ከምራቅ ጋር ተቀላቅሎ በአየር ስለሚበተን የጥርስ ክሊኒኮች ለሥጋት ከተጋለጡት ሥፍራዎች መካከል ነበሩ። በብዙ አገሮች የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤቶች በራቸውን ዘግተው ትምህርቱን በኢንተርኔት ቀጠሉ።

የሁለቱም ወገን አስተያየት ከዚያ በኋላ በየአገሩ ተሰበሰበ። ብዙ ተማሪዎች የተቀረጸውን ትምህርት ደጋግመው ለመስማት መቻላቸውን ወደዱት፤ የልምምዱ መቋረጥ ግን አሳሰባቸው። መምህራንም በበኩላቸው የተማሪውን ፊት ሳያዩ ማስተማር መረዳት አለመረዳቱን ለማወቅ እንዳስቸገራቸው፣ የፈተናውም ሐቀኝነት እንዳጠራጠራቸው ገለጹ።

ሁለቱ ወገኖች በአንድ ነገር ተስማሙ፤ ይኸውም እጅ በሩቅ ሊሠለጥን አለመቻሉ ነው። የተበላው የጥርስ ክፍል ከጤነኛው የሚለየው በመሣሪያው ጫፍ በሚሰማው ልስላሴ ነው፤ ይህንንም ልስላሴ ምስል ሊያሳየው፣ ድምፅም ሊያሰማው አይችልም።

ስለዚህ የተቀረጸው ትምህርት የሚጠቅመው ለልምምድ ጊዜ ሲያተርፍ ነው። ልምምዱን የሚተካ ከሆነ ግን የ1840ው ጉድለት ተገልብጦ ይመለሳል፤ ያን ጊዜ እጁ ሠልጥኖ ምክንያቱን የማያውቅ ሰው ነበረ፤ አሁን ደግሞ ምክንያቱን አውቆ እጁ ያልሠለጠነ ሰው ይወጣል። በሁለቱም ዘመን ዋጋውን የሚከፍለው ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሕመምተኛ ነው።